ያልተወለደችው የእድራችን አባል

ይህ የደረሰብኝ ጦርነቱ የካርቱምን ሰው ከመበተኑ ከጥቂት ወራት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የባሰ ነገር አይቻለሁ። ያም ሆኖ ስልክ በማለዳ በጠራ ቁጥር ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ያ ዓርብ ጠዋት ነው። እኔ ሰው ፊት መናገር የምፈራ ሴት ነኝ። ቢሮ ስብሰባ ሲኖር እንኳ ሐሳቤን በወረቀት ጽፌ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው አቀብል ነበር። በዚያን ቀን ግን ሽማግሌዎች ፊት፣ ያውም መርዶ ሊነግሩ በወጡበት ሰዓት፣ አፌን ከፍቼ ተናገርኩ። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይኸው ነው።

የምንኖረው ካርቱም ውስጥ ሳጃና በሚባል ሰፈር ነበር። በአንድ አጥር የተከበበ ግቢ ውስጥ፣ ሱዳኖቹ ሆሽ በሚሉት፣ በአንዱ በኩል እኔና እናቴ፣ በሌላው በኩል እትዬ ስንዱ እንኖር ነበር። እትዬ ስንዱ ዐማራት በሚባለው ሰፈር አንድ ቤተሰብ ዘንድ ምግብ ያበስላሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያላቸው አንድ ልጅ ናትናኤል ነው፤ እኛ ናቲ እንለዋለን። ናቲ ከአቡ ሐመድ አልፎ በረሃው ውስጥ ወርቅ የሚወጣበት ካምፕ የጄኔሬተር ሠራተኛ ነበር። ካምፑ ውስጥ ስልክ አይሠራም። የካምፑ መኪና ወደ ከተማ ሲወጣ አብሮ ይወጣና ለእናቱ ይደውላል።

እትዬ ስንዱ ደም ግፊትም ስኳርም አለባቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የወንድማቸው መርዶ ሲነገራቸው ወድቀው ሆስፒታል ገብተው ነበር። ሐኪሙ ለእናቴ፣ ሌላ እንዲህ ያለ ድንጋጤ ልባቸው አይችለውም ብሏት ነበር።

ወደ ወሬው ከመግባቴ በፊት ስለ እድራችን ድረ ገጽ ልንገራችሁ። ወደ ውጭ የሄደ አንድ የሰፈራችን ልጅ ከመሄዱ በፊት የሠራው ነው። የአባላት ስምና ኢሜይል ያላቸው ሰዎች አድራሻ እንዳለ ተዘርግቶበት ነበር። ናቲ ካምፕ ከመሄዱ በፊት የእድሩ ጸሐፊ ስለነበር ስሙ ከሁሉም በላይ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኮምፒውተር ስለሆነና ዐማራት አንድ የጉዞ ቢሮ ውስጥ የምሠራውም ይህንኑ ስለነበር፣ ገጹን መንከባከብ ለኔ ተሰጠኝ።

የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ መኮንን ናቸው። ካርቱም ውስጥ ያረጁ፣ ተጫዋች ሰው ናቸው። አንድ ቀን የኢሜይል ሳጥናቸው ማንም ባልጠየቀው መልእክት መሙላቱን ነገሩኝ። ሎተሪ ደርሶዎታል የሚል አለ፤ ባንክዎ ተዘግቷል የሚል አለ። «ጸጉር የሚያበቅል መድኃኒት በየቀኑ ይልኩልኛል» አሉ ራሰ በራቸውን እየዳሰሱ። «ማን ነው ያሳያቸው?»

አድራሻቸውን የሚለቅመው ሰው ሳይሆን ማሽን መሆኑን ነገርኳቸው። በየድረ ገጹ እየዞረ አድራሻ የሚመስል ነገር ሁሉ የሚሰበስብ ፕሮግራም አለ። የሰበሰበውን ለአጭበርባሪ ይሰጣል። ስለዚህ አድራሻዎቹን ከገጹ አንስተን፣ በምትካቸው መልእክት መጻፊያ ቦታ እናድርግ፤ ሰው እዚያ ይጻፍ፣ ለሚፈልገው ሰው ይደርሳል፣ አድራሻው ግን አይታይም አልኳቸው።

እሳቸው አልተቀበሉኝም። ያሉትም እውነት ነበረው። «ድንበር አቋርጦ የመጣ የሀገር ልጅ ዘመድ ሲፈልግ ባዶ ሳጥን ነው የሚያገኘው? ስም ይይ፣ አድራሻ ይይ። ከወገን ተደብቀን የት ልንደርስ ነው?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ ማሽን ይለቅማል ያልሽውን በዓይኔ ካሳየሽኝ አምናለሁ አሉ።

መከራከር ስለማልችል ማሳየቱን መረጥኩ። በላይነሽ የምትባል ሴት ፈጠርኩ። በስሟ ኢሜይል ከፈትኩላት። ከዚያ ስሟንና አድራሻዋን በገጹ ግርጌ፣ በነጩ ላይ በነጭ ቀለም ጻፍኩት። ገጹን የከፈተ ሰው አያያትም። ማሽኑ ግን ቀለም አይለይም፤ የተጻፈውን ብቻ ያነባል። ስለዚህ ለበላይነሽ የሚጽፍ ካለ ሰው አይደለም ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሳጥኗ ሞላ። ለጋሽ መኮንን አሳየኋቸው። ከት ብለው ሳቁና «ለዚህች ምስኪንም ጸጉር ማብቀያ ላኩላት?» አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ይወሰናል አሉኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን የእድሩ ድንኳን ተቀዶ ኖሮ ሰዓቱ በሙሉ በድንኳኑ አለቀ። በላይነሽም ማንም ሳያያት እዚያው ገጹ ግርጌ ቀረች።

አሁን ወደዚያ ሐሙስ ልምጣ። ከሥራ ስመለስ እናቴ ሆሹ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። እጄን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝና በሩን ዘጋች። ናቲ በጠና ታሞ ሆስፒታል ገብቷል የሚል መልእክት ለጋሽ መኮንን መጥቷል አለችኝ። ስልኩም ዝግ ነው። ታዲያ ይድናል ወይ ብዬ ስጠይቃት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ያን ጊዜ ገባኝ።

የኛ ሰው ከሩቅ «ሞተ» ብሎ አይልክም። ታሟል ነው የሚለው። የተላከበትም ሰው መልሶ አይጠይቅም፤ ይገባዋል። ከባለቤቱ ይደብቃል፣ ለእድሩ ይናገራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሌሊቱ ሳይነጋጋ ሄደው ያረዳሉ። ጋሽ መኮንንም ያደረጉት ይህንኑ ነው። መልእክቱን አንብበው፣ ደውለው፣ ስልኩ ሲዘጋባቸው፣ ልጁ አርፏል ብለው ደመደሙ። መርዶው ለነገ ጠዋት ተቆረጠ። እናቴ አጥብቃ የነገረችኝ አንድ ነገር ነው፤ እትዬ ስንዱን ፊት ለፊት እንዳላይ።

ወዲያው እትዬ ስንዱ ከማዶ ጠሩኝ። አልሄድም ማለት አይቻልም። ለናቲ ሸሚዝ ገዝተው ኖሮ በሁለት እጃቸው ዘርግተው አሳዩኝ። አንገቱ አይጠበውም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቀና ሳልል አይጠበውም አልኩ። «አንቺ ደግሞ ሸሚዝ እንኳ ታፍሪያለሽ?» ብለው ሳቁብኝ። ዓይናፋርነቴ በዕድሜዬ የጠቀመኝ ያኔ ብቻ ነው።

በነጋታው ገና ጎህ ሲቀድ ከእናቴ ጋር ጋሽ መኮንን ቤት ሄድን። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል። የቤተ ክርስቲያናችን አባት አባ ኪዳነም አሉ። እትዬ ስንዱን የሚይዙት ሴቶች ውሃና የስኳር መድኃኒት አዘጋጅተዋል። ከቤቱ ጀርባ ካሮ፣ አህያ የሚጎትተው ጋሪ ማለት ነው፣ የእድሩን ድንኳንና ወንበሮች ተጭኖ ቆሟል።

ጋሽ መኮንን ጠሩኝ። እንግሊዝኛውን በደንብ ስለምታነቢ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ይላል ወይ፣ አስከሬኑን የሚያመጡ ልጆች መላክ አለብን ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። መልእክቱ በኢሜይል የመጣ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ሰው ልኮ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

መልእክቱ ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ሰላም መኮንን፣ እኔ ናትናኤል ነኝ። ሆስፒታል ነው ያለሁት። በስልክ መነጋገር አልችልም። አስቸኳይ እርዳታህን እፈልጋለሁ። ይህን እንዳነበብክ መልስልኝ።»

የሆስፒታሉ ስም የለም። የላኪው ስም ናትናኤል ቢልም አድራሻው የሱ አይደለም፤ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነው። ናቲ ደግሞ ለጋሽ መኮንን በእንግሊዝኛ አይጽፍም። ይህን ዓይነት መልእክት ቢሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መልስ የጻፈላቸውን ሰው ቀጥለው ገንዘብ ላክ ነው የሚሉት።

ይህ ማሽን የላከው ይመስለኛል አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ደግሜ አልኩት። እንግሊዝኛውን ሐኪሙ ጽፎለት ይሆናል አሉኝ። አድራሻውም ከሰው ስልክ ልኮ ይሆናል። የሞተ ሰው እንዴት ይጽፋል ብዬ ስጠይቅ፣ አንድ ሽማግሌ ጻፈ ማለት ተጻፈለት ማለት ነው አሉ። ጋሽ መኮንን ትከሻዬን ያዝ አድርገው «የኔ ልጅ፣ እንዳልሽው ቢሆን ማን ይጠላል?» አሉኝ። ሴቶቹ በሐዘኔታ አዩኝ። ማመን አቅቷት ነው ብለው ነው።

በላይነሽ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው። ሳጥኗን ከከፈትኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። መልእክቱ ለእሷም መጥቶ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ካልመጣ ግን ምንም የምናገረው የለኝም። ስልኬ ላይ ኢንተርኔት አልነበረም፤ መብራትም ከሌሊቱ ጀምሮ ጠፍቷል። አባ ኪዳነን ጥቂት ይጠብቁኝ ብዬ ለመንኩ። ጸሎት እስክናደርስ ድረስ አሉኝ።

ሮጬ ወጣሁ። የተከፈተ ቤት የዐም ባቢክር ሱቅ ብቻ ነበር። ዐም ባቢክር የሱዳን ሰው ናቸው፤ ዐም የሚሉት አጎት ለማለት ነው። ዳቦ ከሳቸው ነው የምንገዛው። ግን ከሰላምታና ከዋጋ በቀር ተነጋግረን አናውቅም፤ ስሜንም የሚያውቁት አይመስለኝም። ከማለዳ ስግደት ተመልሰው ሱቁን እየከፈቱ ነበር። በዐረብኛ እየተንተባተብኩ ሸበካ፣ ኔትወርክ ማለት ነው፣ እንዲያጋሩኝ ጠየቅኋቸው። አንድም ነገር ሳይጠይቁ ስልካቸውን አውጥተው ከስልኬ ጋር አገናኙልኝ።

የበላይነሽ ሳጥን እስኪከፈት ስጠብቅ፣ ዐም ባቢክር ጥምጣማቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ባለካሮው ነግሯቸዋል። የኡም ናቲ፣ የናቲ እናት ማለታቸው ነው፣ ልጅ ሞቷል አሉኝና ወደ ሆሻችን ሊሄዱ ተነሱ። ደነገጥኩ። ሱዳኖች ለቅሶ ሲደርሱ ባለሐዘኑ ፊት ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው የቁርኣኑን መክፈቻ ፋቲሐ ይቀራሉ። ዐም ባቢክር እትዬ ስንዱ ፊት እጃቸውን ከዘረጉ መርዶው ያለቃል፤ ቃል አያስፈልገውም።

«ዐም ባቢክር፣ እጅዎን አያንሱ» አልኳቸው። «ሞቱን ገና አላወቅንም። በሕይወት ያለ ይመስለኛል።»

ሁለት እጃቸውን ጀለቢያቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። «ኸላስ ያ ቢቲ» አሉ፤ በቃ ልጄ ማለታቸው ነው። «እጄ እዚህ ነው። አንቺ ካላልሽ አይወጣም።»

ሳጥኑ ተከፈተ። ከማስታወቂያው ክምር በላይ፣ ናትናኤል የሚል ስም አየሁ። ከፈትኩት። «ሰላም በላይነሽ፣ እኔ ናትናኤል ነኝ። ሆስፒታል ነው ያለሁት። በስልክ መነጋገር አልችልም።» ሱቁ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

እዚያው እንዳለሁ እትዬ ስንዱ የዳቦ ዘንቢላቸውን ይዘው መጡ። ዓርብ ዕረፍታቸው ስለሆነ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። በጠዋት ምን ታደርጊያለሽ ብለው ሳይጨርሱ፣ ካሮው ከመንገዱ ጫፍ ብቅ አለ። ጸሎቱ አልቆ ሰዎቹ ተነሥተዋል። አባ ኪዳነ ከፊት ናቸው።

እትዬ ስንዱ የእድሩ ሴቶች ኃላፊ ነበሩ። ያን ድንኳን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ወንበሮቹን ከሩቅ ይለያሉ።

«ማን ሞተ?» አሉ። ቀጥለውም ተቆጡ። «ለኔ ሳይነገር ነው እንዴ ድንኳን የሚወጣው? ሽንኩርቱን ማን ሊከትፈው ነው?» ልብስ ለመቀየር ወደ ቤት ዞሩ። ትንሽ ተራመዱና ቆሙ። ጀርባቸውን እያየሁ ነገሩ ሲገባቸው አየሁት። እድር መርዶ የሚደብቀው ከአንድ ሰው ብቻ ነው።

ወደ እኔ ዞሩ። ዘንቢሉ ከእጃቸው ወደቀ።

«ናቲ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «ናቲ አልሞተም።»

«ታሟል?»

«አልታመመም።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም እትዬ።»

«ምንም ላልሆነ ሰው ካሮ አይጫንም» አሉና ወደ አግዳሚው ተደገፉ። ደርሼ ያዝኳቸው። ዐም ባቢክር እጃቸውን ከኪስ ሳያወጡ ጎናቸው መጥተው ቆሙ። እናቴና ሴቶቹ እየሮጡ ደረሱ። ማልቀስ የጀመረችም ነበረች።

ያን ጊዜ ጮህኩ። በሕይወቴ ሰው ፊት የጮህኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አታልቅሱ አልኩ። ስልኬን ለጋሽ መኮንን ዘረጋሁላቸው። ከሳቸው ስልክ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ይዘው አነበቡ። ከተቀባዩ ስም በቀር ቃል በቃል አንድ ነው፤ የተላከበት ደቂቃ እንኳ አንድ ነው።

አባ ኪዳነ ጠጋ ብለው አዩ። «ይህች በላይነሽ የምትባለዋ የት ናት?»

«የለችም አባ።»

«አርፋለች?»

«አልተወለደችም።»

አባ ኪዳነ ጋሽ መኮንንን አዩ። ጋሽ መኮንን ግን ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። «ያቺ ናት?» አሉ በለሆሳስ። «ጸጉር ማብቀያ የላኩላት?»

እሷ ናት አልኩ። አንድ ሽማግሌ፣ ልጁ ሲጨንቀው በገጹ ላይ ላሉት ሁሉ ጽፎ ቢሆንስ አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ናቲ ገጹን ቢከፍት በላይነሽን አያያትም፤ በነጭ ላይ በነጭ ነው የጻፍኳት፤ መኖሯን የምናውቀው እኔና ጋሽ መኮንን ብቻ ነን፤ እሷን የሚያገኛት ማሽን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የጻፈው ናቲ አይደለም፤ ስሙን ከገጹ ላይ ወስደው ነው አልኩ። ይህን ሁሉ ሳልንተባተብ ተናገርኩ። ጋሽ መኮንን ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን አበሱበት።

እኛ አመንን። እትዬ ስንዱ ግን አላመኑም። ከኛ መሐል የመርዶን ወግ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

«ለስንት እናት እኔ ራሴ ደህና ነው ብያለሁ» አሉ። «ፊቴን ፈካ አድርጌ፣ ደህና ነው ብዬ፣ ጓዳ ገብቼ አልቅሻለሁ። አንቺ አትዋሺም ልጄ። ለኔ ስትይ ግን ትዋሺያለሽ። ድምፁን አሰሙኝ።»

የናቲ ስልክ ዝግ ነው። የካምፑ መኪና መቼ ወደ ከተማ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። ታሟል የሚለው ቃል ለሞት ስለዋለ፣ ደህና ነው የሚለውም ቃል ከኛ አፍ ሲወጣ ዋጋ አጣ።

ዐም ባቢክር አማርኛ አያውቁም። ግን ምን እንደጎደለ ገብቷቸዋል። ልጁ የት ነው ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የእህታቸው ልጅ አቡ ሐመድ ገበያ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። ደወሉለት። እሱ ለአንድ ሰው ደወለ፤ ያም ሰው ወደ ካምፖቹ ውሃ የሚያመላልሱ ሹፌሮችን ያውቃል። ኢንሻላህ ዛሬ የሚገባ መኪና አለ ተባልን። ዐም ባቢክር ይህን ሁሉ በራሳቸው ስልክና በራሳቸው ሒሳብ ነው የሚያደርጉት። ያን ዕለት ሱቃቸው ምንም አልሸጡም።

እትዬ ስንዱን ወደ ቤት አስገባናቸው። የቀኑን ነገር እንዴት ልንገራችሁ? ለቅሶ አይደለም፤ ለቅሶ አይደለም ተብሎም ማንም ወደ ቤቱ መሄድ አልደፈረም። ሽማግሌዎቹ ከካሮው ወንበሩን ብቻ አውርደው ሆሹ ውስጥ ተቀመጡ። ድንኳኑ እንደታሰረ ቀረ። ሴቶቹ ሻይ አፍልተው ምን ብለው እንደሚያቀርቡት ግራ ገባቸው። እትዬ ስንዱ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የናቲን አዲስ ሸሚዝ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አያለቅሱም፣ አይናገሩም። እናቴ ግፊታቸውን እየለካች ነበር። ከፍ ብሏል ትለኝና ትወጣለች።

ወሬው ግን በሰፈሩ ተዳርሷል። የሱዳን ጎረቤቶቻችን ለፋቲሐ መምጣት ጀመሩ። ዐም ባቢክር ወንበር አምጥተው የሆሹ በር ላይ ተቀመጡ። የመጣውን ሁሉ እጁን ሳያነሣ ይመልሱታል። የሞተ የለም፣ እጅህን አውርድ ይሉታል። ምን ተፈጠረ ሲባሉም፣ ይህን ያደረገው ኮምፒውተር ነው ይላሉ። እኔን በአገጫቸው ያሳያሉ፤ እኔ ጥፋተኛዋ እንዳልመስል ፈርቼ ቤት ገባሁ።

የከሰዓቱ የአስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ ዐም ባቢክር ስልካቸውን ከፍ አድርገው እየሮጡ ገቡ። አንዱ ነጠላ ጫማቸው በሩ ላይ ቀርቷል። ቶሎ ለማለት ያላ፣ ያላ ይላሉ። ስልኩን ተቀበልኩና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈትኩት።

ናቲ ነበር። ሰላምታ እንኳ አልሰጠም።

«እውነቱን ንገሩኝ» አለ። «ታማለች እንዳትሉኝ። እናቴ መቼ ነው ያረፈችው?»

ነገሩ ወዲያው ገባን። የማያውቀው የውሃ ሹፌር ካምፕ ድረስ መጥቶ፣ ከካርቱም በአስቸኳይ ይፈልጉሃል ብሎታል። እሱም የኛው ልጅ ነው። ሁሉ ነገር ገብቶታል። ልብሱን ሸክፎ፣ የካምፑ ሰዎች አልቅሰውለት ነው ስልክ ወደሚሠራበት የወጣው።

እትዬ ስንዱ ከአልጋው ወርደው ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ናቲ፣ እኔ ነኝ።»

«ማነሽ?»

«እናትህ ነኛ።»

ድምፁ ተሰበረ። «አይደለሽም። እንዲህ አታድርጉኝ። እናቴ ብትኖር ኖሮ እንዲህ በድንገት ሰው አይላክብኝም ነበር።»

እናትና ልጅ፣ ሁለቱም በሕይወት እያሉ፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ ማመን አቃተው። እትዬ ስንዱ ዙሪያቸውን የቆምነውን አዩን። ከዚያ የያዙትን ሸሚዝ አዩ።

«ሸሚዝ ገዝቼልሃለሁ» አሉት። «አንገቱ እንዳይጠብህ ፈርቻለሁ።»

«ያምናውም ጠቦኛል እማዬ» አለ ናቲ። «ሁልጊዜ የምትገዢው የሚጠበኝን ነው።»

እትዬ ስንዱ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው። እዚያም ማዶ ሲያለቅስ ይሰማል። ጋሽ መኮንን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አባ ኪዳነ አማተቡ። ዐም ባቢክር በሩ ላይ በአንድ እግራቸው ጫማ ቆመው ወደ እኔ አዩ። እጃቸውን መልሰው ኪሳቸው ውስጥ ከትተዋል። አሁን ማውጣት ይቻላል አልኳቸው። አወጡና ወደ ላይ ዘረጉ። አልሐምዱሊላህ አሉ።

ያን ማታ እትዬ ስንዱ ማንም ሳይበላ አይወጣም አሉ። ለሐዘን የተዘጋጀው ሽንኩርት ለእራት ሆነ። ድንኳኑ በዚያው ካሮ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ስብሰባ አድራሻዎቹን ሁሉ ከገጹ አነሣሁ። የመልእክት መጻፊያውን ቦታ አስገባሁ። ከስሩም ጋሽ መኮንን እንዳዘዙኝ፣ እዚህ የጻፋችሁት ለምትፈልጉት ሰው ይደርሳል የሚል በትልቁ በአማርኛ ጻፍኩ። በላይነሽን ላጥፋት ስል ግን ተቆጡኝ። «እሷማ ለምን ትወጣለች? ከሁላችንም የበለጠ ያገለገለች አባል ናት» አሉ። አባ ኪዳነም ባገኙኝ ቁጥር፣ ያቺን ልጅ ክርስትና መቼ ነው የምናነሣት እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

አሁን እኔና እናቴ ያለነው ገዳሪፍ ነው። እትዬ ስንዱ ልጃቸው ጋ አትባራ ናቸው። የእድሩ ድንኳን የት እንደወደቀ አላውቅም። ዐም ባቢክርን ብዙ ጊዜ ፈልጌአቸዋለሁ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። የስልክ መዘጋት ምንም ማለት እንዳልሆነ ለራሴ እነግረዋለሁ።

ገጹ ግን አለ። የተበተነው ሰው እየገባ ይጽፍበታል። እገሌን ያያችሁ፣ የእገሌ ቤተሰብ የት ደረሰ እያለ። ተቀብዬ የማዳርሰው እኔ ነኝ። በጠና ታሟል የሚል መልእክት ሲደርሰኝ፣ ለማንም ከማስተላለፌ በፊት መልሼ እጽፋለሁ፤ በሕይወት አለ ወይስ የለም ብዬ በግልጽ እጠይቃለሁ። እናቴ ይህ የኛ ሰው ወግ አይደለም ትለኛለች፤ ልብሽ ደረቀ ትለኛለች። እትዬ ስንዱ ግን በስልክ ሲያገኙኝ ጠይቂ፣ አትፈሪ ይሉኛል። እፈራለሁ፤ ቢሆንም እጠይቃለሁ።

አንዳንድ ጊዜ የበላይነሽን ሳጥን እከፍታለሁ። ዛሬም ጸጉር ማብቀያ ይልኩላታል። ሎተሪ ይደርሳታል። ከእድራችን አባላት ሁሉ የት እንዳለች በእርግጠኝነት የማውቀው እሷን ብቻ ነው።